ማይሉን ኪሎ ሜትር ያደረግሁ ጊዜ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ ኀፍረት ነው። ኀፍረትን ሸሽጎ መያዝ የሰው ሁሉ ልማድ ቢሆንም፥ ብናገረው ከኋላዬ የሚመጣው ተማሪ ሳይጠቀምበት አይቀርም ብዬ ስላሰብሁ በማኅበራችን መጽሔት ላይ ልናዘዝ ደፈርሁ። ነገሩ የሌላ ሰው ጽሑፍ አንብቦ ሐሳቡን በራስ አነጋገር መልሶ ስለ መጻፍ ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እኔን ግን እስከ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ከገጠመኝ ትምህርት ሁሉ የዚህን ያህል የከበደኝ የለም።

የተወለድሁት ትክል ድንጋይ ነው። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ፥ ትክል ድንጋይ ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን፥ ወደ ሳንጃና ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የላይ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። በአዝመራ ጊዜ ሰሊጥ ሊያጭዱ ወደ ቆላ የሚወርዱ ሰዎች በደጃችን ያልፋሉ፤ ሲመለሱም አንዳንዱ ከገንዘቡ ጋራ ወባ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በሁለተኛ ዓመት ትምህርቴ መምህራችን «ስለ አንድ የታወቀ ወረርሽኝ ጽፋችሁ አምጡ» ባሉን ጊዜ ስለ ወባ ለመጻፍ አላመነታሁም።

የመረጥሁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958 በአገራችን የደረሰውን ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ነበር። ስለዚህ ወረርሽኝ ፎንቴን፥ ናጃርና ፕሪንስ የተባሉ ሦስት ሰዎች በ1961 በአሜሪካ የሐሩር አገር ሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ አለ፤ ነገሩን የሚመረምር ሰው ወደ እርሱ መመለሱ አይቀርም። እኔም ፈልጌ አገኘሁት።

ሥራዬን እንዴት እንደ ጀመርሁ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ ብዬ እፈራለሁ። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በግራዬ፥ መዝገበ ቃላቱን በቀኜ፥ ባዶውን ወረቀት በፊቴ አደረግሁ። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል አወጣሁ፤ በምትኩ መዝገበ ቃላቱ «ይህም ያው ነው» ያለኝን ከተትሁ። ከፊት ያለውን ሐረግ ወደ ኋላ፥ ከኋላ ያለውን ወደ ፊት አዛወርሁ። ምትክ ያጣሁለትን ቃል ዘለልሁት። እንዲህ እያልሁ በአንድ ሌሊት አምስት ገጽ ሞላሁ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ የጸሐፊዎቹን ስም አንድ ጊዜ ጻፍሁና፥ ዕዳዬን የከፈልሁ መስሎኝ ተኛሁ።

ከሳምንት በኋላ የሁሉም ወረቀት ሲመለስ የእኔ ቀረ። መምህሩ ወደ ቢሯቸው ጠሩኝ። ወረቀቴ ጠረጴዛቸው ላይ ነው፤ በአጠገቡም ዋናው ጽሑፍ አለ። ይቈጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሁለቱንም ገለበጧቸውና «በል አሁን ወረርሽኙ ለምን እንደ ተነሣ ንገረኝ፤ በፈለግኸው ቋንቋ» አሉኝ።

«ዝናብ ስለ በዛ…» አልሁ።

«ዝናብ ሲበዛ ምን ይሆናል? በየዓመቱስ ለምን አይሆንም? የሞተው ለምን ደገኛው ሆነ?»

ዝም አልሁ። አምስት ገጽ ጽፌ አንድ ጥያቄ የምመልስበት አጣሁ። ጥቂት አይተውኝ «የየት አገር ልጅ ነህ?» አሉ። ነገርኋቸው። ፈገግ አሉና «ድንጋይ ቢተክሉት አይበቅልም። አንተም የሰው ድንጋይ ተሸክመህ አምጥተህ ተክለህብኛል። አንድ ሳምንት ሰጥቼሃለሁ፤ ደግመህ ጻፈው። ስሕተትም አለበት፤ የትኛው እንደ ሆነ አልነግርህም፤ ነገሩ የገባህ ዕለት ራስህ ታገኘዋለህ» ብለው ወረቀቴን መለሱልኝ።

እዚህ ላይ ለራሴም ለብዙዎቻችንም ጥቂት ጥብቅና ልቁም። እንዲህ የሚያደርግ ተማሪ ሁሉ ሌባ ነው ማለት ይከብዳል። የምናስበው በአማርኛ ወይም በሌላው የአገራችን ቋንቋ ነው፤ የምንማረውና የምንጽፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የቃላት ስንቃችን ጥቂት ስለ ሆነ ከባለቤቱ ዓረፍተ ነገር ብንርቅ የምንጠፋ ይመስለናል፤ ስለዚህ በጨለማ ግድግዳ ይዞ እንደሚሄድ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ይዘን እንዳብሳለን። ደግሞም ከልጅነታችን ጀምሮ የተመሰገንነው ቃል በቃል በመመለሳችን ነው። በፈተና ላይ ከደብተራችን አንዲት ቃል ያላጎደለ ልጅ አንደኛ ይወጣል። አሥራ ሁለት ዓመት ያስመሰገነን ሥራ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ በአንድ ቀን ነውር ሆነ ሲሉን ግራ ይገባናል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ምክንያት እንጂ ማመካኛ ሊሆነን አይገባም፤ በእኔ ላይ የሆነውን ስሙ።

ቅዳሜ ጧት መኪና ተሳፍሬ ወደ ትክል ድንጋይ ሄድሁ። አያቴ ቡና አፍልታ ቈየችኝ። እርሷ በትዳር ወደ እኛ አገር መጣች እንጂ ተወላጅነቷ ደምቢያ ነው፤ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ካለው ሜዳ። ታናሽ ወንድሟም፥ በወጣትነታቸው ጎንደር ከተማ መጻሕፍት ቤት ገብተው ትርጓሜ የተማሩትና ሁላችን የኔታ የምንላቸው ሽማግሌ፥ ከአጠገቧ ተቀምጠው ነበር። ፊቴ እንዳልተፈታ አይታ «ምን ሆነሃል ልጄ?» አለችኝ።

«ጽሑፌን መለሱብኝ፥ እምዬ።»

«ምን ብለህ ብትጽፍ ነው? እስቲ አሰማን።»

ወረቀቱን አወጣሁና በአማርኛ እየመለስሁ ማንበብ ጀመርሁ። «በ1958 ዓመተ ምሕረት፥ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ፥ በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ደረሰ። ሦስት ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ መቶ አምሳ ሺሕ ሰው ሞተ…»

«በአምሳ ስምንት?» አለች አያቴ፤ ስኒውን አስቀመጠችው። «ኧረ ተው ልጄ። በአምሳ ስምንትማ እኔ እዚህ ሁለት ልጅ አድርሻለሁ፤ ወባ ማጥፊያዎቹም ዲዲቲ ሲረጩ ነው የማውቀው። ትልቁ ወባ አባቴን የወሰደው ነው። ከታኅሣሡ ግርግር ሁለት ዓመት ቀድሞ፥ ዘመን መለወጫ በዋለ በሳምንቱ።»

ጣቴን ቈጠርሁ። የታኅሣሡ ግርግር 1953 ዓ.ም. ነው። ፈረንጆቹ 1958 ያሉት ሰኔ በእኛ የ1950 ሰኔ ነው፤ ታኅሣሡም የ1951 ታኅሣሥ ነው። አባቷ የሞተው በመስከረም 1951 ነበር ማለት ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ «አባቴን ወባ ገደለው» ስትል እሰማለሁ፤ እኔም አንድ ሌሊት ሙሉ ስለዚያው ወባ ስጽፍ አድሬአለሁ፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸው ግን በልቤ አልመጣም። ቁጥሩን ጽፌዋለሁ እንጂ ዓመቱን አላወቅሁትም ነበር።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። አያቴ ጥቂት ቈይታ «መቶ አምሳ ሺሕ ሞተ ያልኸውን ማን ቈጠረው?» አለችኝ።

«መጽሐፉ ነው ያለው።»

«አባቴን የቈጠረው የለም። ጎረቤታችንንም የቈጠረው የለም። የሚቀብር ሰው ጠፍቶ፥ የደረሰ እህል ማሳ ላይ ቀርቶ፥ ማን ይቈጥራል? እንዲያው በግምት ነው እንጂ።»

ዋናውን ጽሑፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ ገለጥሁ። እውነቷን ነው። ጸሐፊዎቹ የሕሙማኑንም የሙታኑንም ቁጥር በግምት ነው ያስቀመጡት። እኔ ያን ቃል ምትክ ስላጣሁለት ዘልየው ኖሯል። በአንድ ቃል መጉደል የተገመተውን የተቈጠረ አድርጌ፥ ሦስቱ ሰዎች ያላሉትን በስማቸው ተናግሬባቸዋለሁ።

አሁን ፈራሁና ሁሉንም መስመር በመስመር አስተያይ ጀመር። የኔታ «ያ በሽታ የነካው አገር ስፋቱ ምን ያህል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር» አልሁና ዋናውን አየሁት፤ ካሬ ማይል ይላል። ኪሎ ሜትር ያልሁት ለምን ነበር? ቃሉ የተለየ እንዲመስል ብዬ! 100,000 ካሬ ማይል 259,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከታመመው አገር ከግማሽ የሚበልጠውን በአንድ ቃል ከወረርሽኙ ነፃ አወጣሁት ማለት ነው። ወባ ማጥፊያዎቹ እንኳ እንዲህ አልቀናቸውም።

የኔታ ስቀው ሲያበቁ ያሉኝን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «አንተ ንባቡንና ትርጓሜውን ቀላቀልህ። እኛ ቤት ይህን የመሰለ ተማሪ አይቀመጥም» አሉ።

ይህን አባባላቸውን ለማስረዳት ስለ ትርጓሜ ቤት ጥቂት ልበል፤ ብዙዎቻችን ጎንደር ውስጥ እየኖርን አናውቀውምና። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልጁ በመጀመሪያ ንባብ ይማራል፤ ዳዊት ሲደግም አንዲት ፊደል ቢስት ይገሠጻል። በዚያ ደረጃ ክብሩ ቃሉን ሳይለውጡ መያዝ ነው። ከዚያ በኋላ በቅኔ ቤት ነገሩ ይገለበጣል፤ ተማሪው የራሱን አዲስ ቅኔ ማምጣት አለበት፤ የሌላውን ቅኔ የራሴ ነው ብሎ ያቀረበ መሣቂያ ይሆናል። በመጻሕፍት ቤት ደግሞ ሁለቱ ይገናኛሉ። መምህሩ የግእዙን ንባብ ያሰማል። ቀጥሎ ፍቺውን በአማርኛ ይሰጣል። ሌላ ፍቺ ካለ «አንድም» ብሎ ይጨምራል፤ የትምህርቱም ስም አንድምታ የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ማብራሪያ ካስፈለገ ሐተታ፥ ምሳሌ ካስፈለገ ታሪክ ያመጣል። ከሌላ መጽሐፍ የተወሰደ ቃል ሲጠቅስ ቃሉን እንዳለ ይናገርና «እንዲል» ብሎ ይዘጋዋል፤ ያ «እንዲል» የሚለው ቃል የእኛ አባቶች የጥቅስ ምልክት ነው። የጎንደር መምህራን ይህን ትምህርት በቃል እየተቀባበሉ አቆይተውታል። በ18ኛው መቶ ዓመት መምህር ኤስድሮስ የተባሉት ሊቅ ነባሩን ትርጓሜ መርምረው ባሻሻሉት ጊዜ እንኳ፥ የቀደመው የላይ ቤት፥ የእርሳቸው የታች ቤት ተብሎ እስከ ዛሬ ተለይቶ ይጠራል። የማን ቃል የማን እንደ ሆነ አልጠፋም።

«ስለዚህ» አሉ የኔታ፥ «ንባብ ስትል ንባብ ነው፤ ፊደሉን አትነካም። ትርጓሜ ስትል ትርጓሜ ነው፤ ፊደሉን ትተህ ምሥጢሩን ትይዛለህ። አንተ ግን ፊደሉን አበላሸህ፥ ምሥጢሩንም አልያዝህ። በል መጽሐፍህን ክደነውና ለእኅቴ አባቷ ለምን እንደ ሞተ ንገራት።»

እኔም ዋናውን ጽሑፍ ውጭ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ብእር አልያዝሁም። ከዚያ ዘግቼው ገባሁና ለአያቴ በአማርኛ ነገርኋት። ስስት እየጠየቀችኝ፥ ስመለስ እያነበብሁ፥ እንደገና እየነገርኋት አመሸን። ገብቷት ራሷን የነቀነቀች ጊዜ ለእኔም እንደ ገባኝ አወቅሁ። ሌሊቱን በእንግሊዝኛ ጻፍሁት። ጧት ዋናውን ገልጬ ቁጥሩን፥ መለኪያውን፥ «ግምት» የሚለውን ቃል አንድ በአንድ አመሳከርሁ።

በድሮው ጽሑፌና በአዲሱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ዓረፍተ ነገሮቹ ለማሳያ ያህል እኔው የሠራኋቸው ናቸው። አንድ መጽሐፍ እንዲህ ይላል እንበል፦

«በዚያ ዓመት ዝናቡ ከወትሮው ስለ በዛና ሙቀቱም ስለ ጨመረ፥ ወባ እምብዛም በማትደርስበት ደጋ የሚኖረው ሕዝብ በሽታውን የመቋቋም ኃይል ስላልነበረው ብዙ ሰው አለቀ።»

የድሮው እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«በዚያ ዘመን ዝናሙ ከተለመደው ስለ በረከተና ትኩሳቱም ከፍ ስላለ፥ ንዳድ ብዙም በማትነካው ከፍተኛ ቦታ የሚቀመጠው ሰው ደዌውን የመከላከል ጉልበት ስላጣ እጅግ ሰው ሞተ።»

ተመልከቱት። አጥንቱ የሰው ነው፤ እኔ የለወጥሁት ልብሱን ብቻ ነው። ያም ልብስ አልገጠመውም። ትኩሳት የሰው ገላ ነው እንጂ የአየር አይደለም። ኃይል «ያልነበረው»ና ኃይል «ያጣ»ም አንድ አይደሉም፤ ያጣ ሰው ቀድሞ ነበረው። ነገሩ የገባው ሰው ግን እንዲህ ይለዋል፦

«እገሌ እንደሚለው የዚያ ዓመት እልቂት ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው አየሩ ነው፤ ዝናብም ሙቀትም ከልማዳቸው አልፈው ነበር። ሁለተኛው ሰዉ ነው፤ ደገኛው ወባን ብዙ ስለማያገኛት ሰውነቱ አልለመዳትም።»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ነገሩን በልቡ ከፍሎ፥ ምክንያቶቹን ቈጥሮ፥ በራሱ ሥርዐት አቆማቸው። ከመጽሐፉ ላይ አልጨመረም፤ አልቀነሰም። በመጀመሪያውም ቃል ሐሳቡ የማን እንደ ሆነ ተናገረ፤ «በራሴ ቃል ከጻፍሁት የራሴ ነው» የሚሉ ብዙዎች የሚስቱት ይህን ነው። ቃሉ የእኔ ቢሆንም ነገሩ የባለቤቱ ነው፤ ስሙን መጥራት አይቀርልኝም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቃሉ ራሱ መለወጥ የማይገባው ይሆናል። የሕግ አንቀጽ፥ የበሽታ ስም፥ መለኪያ፥ ወይም ክርክር የተነሣበት አነጋገር ሲሆን ፊደሉን ሳይነኩ በጥቅስ ምልክት አጥሮ ማስቀመጥ ነው፤ «እንዲል» ብሎ።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገርም አገኘሁ። የሰውን ቃል ስለዋውጥ ባደርሁበት ሌሊት አንድም ጥያቄ አልመጣብኝም ነበር። ነገሩ ከገባኝ በኋላ ግን ጥያቄው በረከተብኝ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ወረርሽኙ ሲነሣ ገና አራት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ የወጡት ጤና መኮንኖች ምን ያህሉን መንደር ሊደርሱ ቻሉ? የወባ ማጥፊያ ድርጅት በአውሮፓውያን 1959 የተቋቋመው ይህ እልቂት ስለ ታየ ይሆን? እነዚህ ጥያቄዎች የእኔ ናቸው፤ ከማንም አልወሰድኋቸውም። የሰውን ሐሳብ በትክክል መልሶ የተናገረ ሰው የራሱ ሐሳብ የሚጀምርበትን ድንበር ያገኛል። ድንበሩን ያፈረሰ ግን የሰውንም የራሱንም አያገኝም።

አሁን ደግሞ በየስልካችን ላይ ዓረፍተ ነገር ሲሰጡት ቃሉን ለዋውጦ የሚመልስ መሣሪያ ስላለ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚለኝ ጓደኛ አይጠፋም። እኔ በመዝገበ ቃላት ሌሊቱን ሙሉ የሠራሁትን እርሱ በቅጽበት ይሠራዋል፤ ሥራው ሊያምር፥ መምህሩንም ሊያታልል ይችላል። ነገር ግን መምህሩ ወረቀቱን ገልብጠው «ንገረኝ» ባሉኝ ጊዜ መሣሪያው አጠገቤ ቢኖር ምን ይረዳኝ ነበር? የሚጠየቀው ወረቀቱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሰኞ ጽሑፌን አስረከብሁ። አምስቱ ገጽ ሁለት ተኩል ሆኖ ነበር። ያገኘሁት ማርክ ከፍተኛ አልነበረም፤ እንግሊዝኛዬም ተሰነካክሏል። መምህሩ ግን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ «አሁን አንተ ተናገርህ» አሉኝ፤ ይህም በቃኝ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ነገሩ የማርክ ብቻ አይደለም። ነገ ከመካከላችን አንዱ የሕሙማን መዝገብ ይይዛል፤ አንዱ የምስክር ቃል ይጽፋል፤ አንዱ ከወረዳ የመጣውን የእህል ዘገባ አሳጥሮ ወደ በላይ ይልካል። የሁሉም ሥራ የሌላውን ቃል ተቀብሎ በራሱ ቃል ማስተላለፍ ነው። ማይሉን ኪሎ ሜትር ማድረግ የለመደ እጅ ያን ጊዜ የሚያጠፋው ማርክ አይሆንም። በእኔ ወረቀት ላይ የጠፋችው ቃል አንዲት ናት፤ «ግምት» የምትባል። ማንም ያልቈጠረው የአያቴ አባት ግን በመጽሐፉ ውስጥ የነበረው በእርሷ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወረቀታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት መጽሐፋችሁን ክደኑና ለአንድ ሰው በቋንቋችሁ ንገሩት። የሚሰማችሁም «ማን ቈጠረው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይሁንላችሁ።